የባለመሬቱ ፊርማ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ የጭላሎ ጭሰኛ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ መውሰድ ሲያምረው እግሩ መጀመሪያ የሚያመራው ወደ ባለመሬቱ ቤት ነበር። የሚያርሰውን መሬት በኪራይ መያዙን የሚመሰክር፣ ባለመሬቱ የፈረመበት ወረቀት ሳይዝ ዱቤው አይፈቀድለትም። ባለመሬቱ ደግሞ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ መፈረም አይወድም። ነገ «ውሌ ይኸውና» ብሎ ዳኛ ፊት ቢያቆመውስ? በቃል የገባ ጭሰኛ በቃል ይነሣል፤ ወረቀት የያዘ ግን ያንገራግራል። ብዙ ሰው ደጅ ጠንቶ ጠንቶ ባዶ እጁን የተመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚገርመው ግን ፊርማ አምጣ የሚለውን ደንብ ያወጡት ሰዎች ማንነት ነው። ጭሰኛውንና ትንሹን ገበሬ ከድህነት እናወጣለን ብለው አሰላ ድረስ የመጡ፣ ሌሊት ተቀን የሚደክሙ፣ በሐሳባቸው ቅን የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። በአርሲ ደጋ የተፈራረቁት መሪዎች ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ለክፉዎቹ ይሰጥና ያልቃል። የቅኖቹ ልማድ ግን ከክፋት ባልተናነሰ ብዙ ነገር አበላሽቷል፤ አንዳንዱን ልማድ የተዉ ዕለት ደግሞ ብዙ ነገር ተስተካክሏል።

እነዚህ ባለሙያዎች የሠሩበት ድርጅት በመስከረም 1960 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የወጣለት ስም የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ነበር። አገሬው ግን በእንግሊዝኛ ስሙ ምሕጻር «ካዱ» አለው፤ ዛሬም የአሰላ ሽማግሌዎች ሌላ ስም አይሰጡትም። ገንዘቡና አብዛኛው ባለሙያ የመጣው ከስዊድን መንግሥት የልማት ተራድኦ ድርጅት ከሲዳ ነበር። ስዊድን ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረችም። ሚሲዮኖቿ ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት በምጽዋ በኩል ገብተዋል፤ ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል አደራጅቷል፤ የአዲስ አበባው የሕንፃ ኮሌጅም የሁለቱ አገሮች ሥራ ነው። አሁን ግን ኮሌጅና አውሮፕላን ትተው ወደ ገበሬው ማሳ ለመውረድ አሰቡ። አጥኚዎቹ ጭላሎ አውራጃን የመረጡት በቂ ዝናብ ስላለው፣ አፈሩ ስለሚያበቅልና በናዝሬት በኩል ወደ አዲስ አበባ ገበያ የሚያወጣ መንገድ ስለነበረው ነው። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚዘልቀው የጭላሎ ተራራ በላዩ ደመና ያቁራል፤ ሥሩ ያለው አገር ስንዴና ገብስ ያበቅላል።

የካዱ ሥራ በዘመኑ አዲስ ነበር። ምርምሩ፣ ዱቤው፣ መንገዱ፣ የከብት ማዳቀሉ፣ የውኃ ጉድጓዱ፣ የእህልና የወተት ግዢው በአንድ ድርጅት ሥር ተሰበሰበ። ከአሰላ በስተሰሜን 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ቁሉምሳ የዘር መሞከሪያ ሆነ። የልማት ሠራተኛው ከቢሮ ወጥቶ በገበሬው መካከል ተቀመጠ፤ ማዳበሪያ ያገኘው ማሳ ካላገኘው ጎን ለጎን ተዘርቶ ሰው በዓይኑ እንዲፈርድ ተደረገ። እርሻ ሲባል ትራክተር ብቻ በሚታሰብበት ዘመን ካዱ በበሬ የሚጎተት ማረሻ፣ መከስከሻና ጋሪ ለማሻሻል ወርክሾፕ መክፈቱ ማስተዋልን ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዳይሬክተር ስዊድናዊው ቤንግት ኔክቢ እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሥራው ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ካዱን «የኢትዮጵያ ሙከራ» ብሎ ጠራው። ሙከራ ማለቱ ደግ ነበር። ሙከራ ይሳሳታልና።

ገበሬው ቂል አልነበረም፤ ማሳውን አይቶ ወደ ዱቤው ጎረፈ። በመጀመሪያው ዓመት ከ200 የማይበልጡ የነበሩት ተበዳሪዎች በአራተኛው ዓመት ከ10 ሺህ አለፉ። ቁጥሩ ሲያድግ ሪፖርቱ አማረ፤ ከስቶክሆልምም ከአዲስ አበባም እንግዳ መጣ። ለማንኛውም መሪ በጣም የሚጣፍጠው ልማድ እዚህ ላይ ገባ፦ በቀላሉ የሚቆጠረውን ነገር የሥራው ልክ ማድረግ። የተበዳሪው ቁጥር በየዓመቱ ይታወቃል። ከመሬቱ የተነሣው ጭሰኛ ግን በማን መዝገብ ይገባል? ተበዳሪ ስላልሆነ ካዱ አያውቀውም፤ ውል ስላልነበረው ዳኛ አያውቀውም።

የሚነሣውም በምርቱ ማማር ምክንያት ነበር። በጭላሎ ከገበሬው ግማሽ ያህሉ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነው። የስንዴው ምርት እጥፍ ሲሆን መሬቱ በድንገት ውድ ሆነ። ሲሶ ይቀበል የነበረ ባለመሬት እኩል ጠየቀ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እኩሉንም ናቀው። መንግሥት የሦስተኛው አምስት ዓመት ፕላን ትልልቅ ዘመናዊ እርሻ ይስፋፋ ባለበት ወራት የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ ይገባ ነበር፤ ነዳጁም እንደዚያው። ከአዲስ አበባና ከናዝሬት የመጣ ባለትራክተር ሜዳውን በኮንትራት ሲከራይ ለባለመሬቱ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ይቆጥርለታል። ከአሰላ ወደ ኢተያና ወደ ዴራ በሚወርደው ሜዳ ላይ ጎጆ እየፈረሰ፣ የግጦሹ ሜዳ እየታረሰ ሄደ። ለትንሹ ሰው የተዘጋጀው ዘርና ማዳበሪያ መሬቱ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለትልቁ ሰው አሳየው።

ካዱ ይህን በሰማ ጊዜ ያደረገው ነገር አድናቆት ይገባዋል። ብዙ መሥሪያ ቤት የራሱን ጉድ የሚያወጣ ጥናት በመሳቢያ ቆልፎ ያስቀምጣል። ካዱ ግን ሄኖክ ክፍሌ የተባለው ኢትዮጵያዊ ባለሙያው የትራክተር እርሻ በገበሬው ላይ ስላደረሰው ነገር ያጠናውን በ1964 ዓ.ም. በራሱ የኅትመት ተከታታይ ውስጥ፣ በራሱ ስም፣ አሰላ ላይ አወጣው። ጽሑፉን የኋላ ተመራማሪዎች ሁሉ ይጠቅሱታል። ትልልቅ ባለመሬቶች የካዱን ዱቤ እንዳይወስዱ ገደብ ተበጀ። ጥፋትን በገዛ እጅ አትሞ ማውጣት ቀላል ልማድ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ቢሮክራሲ ደግሞ ጭራሽ ብርቅ ነበር።

ሌላ ልማድ ግን አልለቀቀም፦ ከባዱን ነገር «ሕጉ ሲወጣ» ብሎ ማቆየት። ስዊድን ስምምነቱን ስትፈርም የኢትዮጵያ መንግሥት የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚደነግግ ሕግ እንደሚያወጣ ተማምና ነበር። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቁሟል፤ ረቂቁም ተዘጋጅቷል። ረቂቁ የሚቀርበው ግን ለማን ነው? በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የሕግ መወሰኛውን አባላት ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱና ከሹማምንቱ ይመርጡ ነበር። ጭሰኛን የሚጠብቅ ሕግ ባለመሬቶች እንዲያጸድቁ መጠበቅ ለድመት ወተት አደራ መስጠት ነው። ረቂቁ ከኮሚቴ ኮሚቴ ሲንከራተት ከረመ። ስዊድኖች ጉዳዩን ደጋግመው አነሡ፤ ገንዘቡን ግን አላቋረጡም፤ የአዲስ አበባ ሹማምንትም ይህን ያውቁ ነበር።

በዚያው ዘመን በሌላ የዓለም ጥግ፣ የዛሬዋ ባንግላዴሽ ምሥራቅ ፓኪስታን ሳለች፣ አክታር ሐሚድ ኻን በኮሚላ የገጠር ልማት አካዳሚ ይመራ ነበር። እሱ ቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ባለሥልጣን ነበር፤ ያን ሥራ በፈቃዱ ትቷል። በኮሚላ የገበሬ ማኅበራት በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፤ እነሱ የመረጡት ሰው አካዳሚው ድረስ መጥቶ የሆነውን ይናገራል፣ የተማረውን ይዞ ይመለሳል። ባለሥልጣን ተቀምጦ የሚያዳምጥበት ቀን በካሌንደር ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ኮሚላም የኋላ ኋላ የራሷ ችግር አልቀረላትም። ቢሆንም አንድ የቀድሞ ሹም የሹመት ልማዱን አውልቆ ምን እንደሚሠራ ያሳየች ቦታ ናት።

እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት እስከ ቤንጋል መሄድም አያስፈልግም ነበር። የአርሲ ኦሮሞ በገዳ ሥርዓት ሥልጣንን በ8 ዓመት የሚያስረክብ ሕዝብ ነው፤ ዩኔስኮ ገዳን በ2009 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ሴቶቹ ደግሞ ሲንቄ አላቸው፤ ሙሽራ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። መብቷ የተነካ ሴት ሲንቄዋን ይዛ ስትወጣ የጎረቤት ሴቶች ሥራቸውን ጥለው ይከተሏታል። ሁለት ወገን ሊጋደል ተሰልፎ ሴቶች ሲንቄ ይዘው መካከል ከገቡ ጦር ይወርዳል። በበትሩ ማንም አይመታበትም፤ ጉልበቱ ሰውን ማስቆሙ ነው። ከአሰላ ቢሮዎች ወረቀት ይልቅ «ቆይ» የማለት ሥልጣን የነበረው ይህ በትር ሳይሆን አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1971 መንግሥት የካዱን ትምህርት ለመላ አገሪቱ ላድርስ አለ። የካዱ ሙሉ ሥራ ውድ ስለነበረ ተቀንሶ «አነስተኛ ጥቅል» የሚባለው ፕሮግራም ወጣ። በጥቅሉ ውስጥ ማዳበሪያ፣ ዘርና ዱቤ ቀሩ። የቀነሱት የቱን ነው ቢባል፣ ጊዜ የሚወስደውንና ከገበሬው ጋር የሚያነጋግረውን። አለቃ ከሌላ ቦታ የተሳካ ነገር ሲቀዳ መጀመሪያ የሚያስቀረው ያንን ነው፤ ዛሬም ቢሆን ልማዱ አልጠፋም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የፊርማው ጉዳይ በአንድ ቀን አበቃ። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ባለመሬት የሚባል ሰው ቀረ፤ ሲሶና እኩልም በሕግ ተሻሩ። ፓርላማ ለዓመታት ያንከራተተውን አንድ ወታደራዊ መንግሥት በአንድ ማለዳ ወሰነው። በአርሲ ደስታው ልክ አልነበረውም። ካዱም ሰፍቶ፣ ስሙ አርዱ ተብሎ፣ መላውን ክፍለ አገር ያዘ።

አዋጁን የሰጠው እጅ ግን ሌላም ነገር መስጠትና መውሰድ ለመደ። የገበሬዎች ማኅበር መጀመሪያ መሬት አከፋፋይ፣ በኋላ የኮታ ሰብሳቢ ሆነ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ስንዴውን በቆረጠው ዋጋ ይወስዳል፤ ዋጋው ከገበያው በታች ነው። ገበሬው ኮታ ለመሙላት ከገበያ እህል ገዝቶ ለመንግሥት ያስረከበበት ጊዜ ነበር። አርሲ ጥሩ አምራች ስለሆነ ሁሉ ነገር የሚሞከርበት ሆነ። የአምራቾች ኅብረት ሥራ በዚያ፣ የመንግሥት እርሻ በዚያ። ጎበዝ ተማሪ ጥቁር ሰሌዳ አጽዳ እንደሚባለው።

ከዚያ በ1978 ዓ.ም. መንደር ምሥረታ መጣ። ቀድሞ በባሌና በሐረርጌ የተሞከረ ነበር። የተበታተነው ጎጆ ፈርሶ፣ ጣራና ወጋግራው በሸክም ተጓጉዞ፣ በካድሬ ገመድ በተለካ ቀጥ ያለ መስመር ላይ እንደገና ይቆማል። ውኃ፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ለማድረስ ሰው መሰብሰብ አለበት የሚለው አሳብ ወረቀት ላይ ሲያዩት ያሳምናል። ደጋ ላይ ሲወርድ ግን ማሳው ሩቅ ሆነ፤ በሬው ጠዋት ከመጠመዱ በፊት በመንገድ ደከመ። ፍግ ከበረት ወደ ጓሮ መጣል የለመደች ሴት ጓሮዋ ከበረቱ ተለየ። ገብሱን ጦጣና ከርከሮ ሲበሉት የሚጮህ ሰው አጠገቡ የለም። ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድ የበቆጂ ሽማግሌ ጠርቶ ግማሽ ቀን ማዋየት ይበቃ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተመልሶ ይመጣል። ጆን ኮኸን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1960ዎቹ የጭላሎን ጭሰኞች መፈናቀል አጥንቶ የጻፈ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ከስዊድናዊው ኒልስ ኢቫር ኢሳክሶን ጋር አርሲ ገባ፤ መንደር ምሥረታውን አይተው እ.ኤ.አ. በ1987 ዘገባቸውን በኡፕሳላ አወጡ። ያው ተመራማሪ በዚያው አገር የሰው መነቀልን ሁለት ጊዜ መዘገበ። ባለትራክተሩ ጭሰኛውን የነቀለው ለትርፍ ነው፤ ካድሬው ገበሬውን የነቀለው «ለራሱ ለገበሬው ጥቅም» ነው። ጎጆው መፍረሱ ግን አንድ ነው።

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ገበሬው መመሪያ እስኪወርድለት አልቆየም። በሳምንታት ውስጥ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በሬና መሬታቸውን ተካፍለው ተበተኑ። ከአዲሱ መንደር ብዙው ወጋግራውን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቀዬው ሄደ። አሥር ዓመት የፈጀ የካድሬ ሥራ አንድ በልግ ሳይሞላው ፈረሰ፤ የሚገርመው ሲፈርስ ብዙም ጫጫታ አለመሰማቱ ነው።

ከዚህ ሁሉ መፈራረቅ መካከል ሳይቋረጥ የቀጠለው ቁሉምሳ ነው፤ የራሱን ልማድ እየታገለ። የስንዴ ተመራማሪ ጠላቱ ዋግ ነው። ዋግ በነፋስ የሚጓዝ ፈንገስ ሲሆን ስንዴው እሺ እስኪለው ራሱን ይለዋውጣል። ስንዴ አዳቃዩ ኖርማን ቦርላግ የኖቤል ሽልማት ባገኘበት እ.ኤ.አ. በ1970 ከሜክሲኮ ዘር የተገኘችው አጭሯ ስንዴ «ላቀች» ለገበሬ ተለቀቀች። ስሟን የመሰለ ምርት ሰጠች፤ ብዙ ሳትቆይ ግን በግንድ ዋግ ተመታች። እንኮይ ተተካች፤ ለሃያ ዓመት ያህል ነግሣ በ1986 ዓ.ም. በዚያው በግንድ ዋግ ወደቀች። ዳሸን የተባለው ዘር ከተለቀቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ በቢጫ ዋግ ተበላ። በ1987 ዓ.ም. ኩብሳ ወጣ። ኩብሳ የአርሲና የባሌ ገበሬ ልብ ውስጥ የገባ ስንዴ ነው፤ ሜዳው ሁሉ ኩብሳ ሆነ። በ2002 ክረምት ዝናቡ ረዘመ፤ ቢጫ ዋግ መጣና በመላ አገሪቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ስንዴ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ።

ያን ጊዜ ቢጫ ዋግን ችሎ የቆመው ዲገሉ የተባለው ዘር ነበር። ምን ተደረገ? ሜዳው ሁሉ ዲገሉ ሆነ። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም. መኸር፣ ዲገሉን ብቻ ፈልጎ የመጣ የሚመስል የግንድ ዋግ ዓይነት በባሌና በአርሲ ተነሣ። ሳይንቲስቶች ዛሬም በስንዴው ስም ነው የሚጠሩት። በአንዳንድ ማሳ ኮምባይነር የሚያስገባ ፍሬ አልተገኘም።

አንድ ጀግና ይዞ ሁሉን በእሱ ላይ መጣል የዘር ብቻ ልማድ አይደለም፤ በስንዴ ላይ ግን በአንድ መኸር ይታያል። ቁሉምሳ በእነዚህ ዓመታት ያደረገው ነገር የመሪ ልማድ ስለ መተው ሲወራ ሊነሣ ይገባል። ካካባ፣ ደንደአ፣ ሂዳሴ፣ ኦጎልቾ፣ ሌሎችም ጎን ለጎን ወጡ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲቆም። የዋግ ናሙና ውጭ አገር ባሉ ቤተ ሙከራዎች ይመረመራል፤ የነፋሱን አቅጣጫ አስልቶ ዋግ ከመድረሱ በፊት ለልማት ሠራተኛው በስልክ የሚነግር ማስጠንቀቂያ ተሠርቷል። ተመራማሪው አዲሱን ዘር የሚመርጠው ብቻውን በመሞከሪያ ማሳ ቆሞ አይደለም፤ ገበሬዎች፣ ሴቶች ጭምር፣ በመስመር መካከል እየተዘዋወሩ የወደዱትን ይጠቁማሉ። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ዛላውን አሽተው በመዳፋቸው ፍሬውን ያያሉ፤ ስለ ዳቦው ይጠይቃሉ፤ ገለባውንም ለከብት ይሆን እንደሆነ ያኝኩታል። ሳይንቲስቱ በመዝገቡ ላይ የገለባ ጣዕም የሚል ዓምድ ጨምሯል ወይ የሚለው ሌላ ነገር ነው።

ዛሬ ከአሰላ ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ በኅዳር ኮምባይነር ተሰልፎ ይታያል። ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ነው። በሬ የሌለው፣ ያረጀ፣ ወይም ልጆቹ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዓረብ አገር የሄዱበት ገበሬ መሬቱን ለጎረቤት እኩል ይሰጣል፤ ያች በ1967 በአዋጅ የተሻረች ቃል ከገበሬው አፍ ጠፍታ አታውቅም። ከእነዚህ አንዱ ሽማግሌ የቀበሌው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በእጁ አለ፤ አባቱ ጭሰኛ ነበር። ከፊቱ የሚቀመጠው ወጣት ደግሞ ትምህርቱን ጨርሶ መሬት ያልደረሰው ነው፤ ለዘንድሮ መኸር ማዳበሪያ ከማኅበሩ በዱቤ መውሰድ ይፈልጋል። ማኅበሩ ማሳው የማን እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ጠይቆታል። ሽማግሌው መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያቀርበዋል፤ ከመፈረሙ በፊት ለስንት ዓመት እንደሆነ ደግሞ ይጠይቃል።